ስም የተሰጠባት ቀንድ አውጣ

ቀንድ አውጣ ዛጎሏን ተሸክማ በሆዷ የምትሳብ እንስሳ ናት፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኔ ላስተዋውቃችሁ የምወደው ሙዚየም ውስጥ ከሌሎች ተለይታ በቀይ ምልክት የምትቀመጠውን ነው። የሙያው ሰዎች «ታይፕ» ይሏታል። አዲስ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚሰጠው በእሷ ላይ ነው።

ብዙዎች፣ የባዮሎጂ ተማሪዎች ጭምር፣ ታይፕ ሲባል ከዝርያው ትልቋና ቆንጆዋ ይመስላቸዋል። አይደለም። ጫፏ የተሰበረ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ዕድገቷን ያልጨረሰች ልትሆን ትችላለች። የወሰን ድንጋይ የቆመበት ቦታ እንጂ መልኩ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ ታይፕም የምትፈለገው ስሙን ስለያዘች ነው። አንድ ዝርያ የተባለው ኋላ ሲመረመር ሁለት ሆኖ ቢገኝ፣ የቀድሞው ስም ለየትኛው እንደሚቀር የምትወስነው እሷ ናት።

ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው ታይፑን በግልጽ ማሳወቅ ግዴታው ነው። የድሮዎቹ ግን እፍኝ ዛጎል ሰብስበው፣ አንዷን ሳይለዩ ለሁሉም አንድ ስም ይሰጡ ነበር። እፍኙ ውስጥ ሁለት ዝርያ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሙዚየም ካታሎግ ለማዘጋጀት ብሎ ከመካከላቸው አንዷን በችኮላ መምረጥ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ያ ምርጫ አንዴ ከታተመ የሚመጣውን ተመራማሪ ሁሉ ያስራል።

የኛ ቀንድ አውጣዎች ታሪክም እዚህ ውስጥ ነው። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ሲዘምቱ አብሯቸው የመጣው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ የእንስሳት ናሙና ሰብስቦ ሄደ። ይክሊ የተባለ ተመራማሪ በ1874 ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አውጣዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1883 ደግሞ ፈረንሳዊው ቡርጊኛ፣ ራፍሬ የተባለ ያገሩ ሰው በሰበሰበው ዛጎል ላይ ተመሥርቶ ስለ አቢሲኒያ ቀንድ አውጣዎች ጻፈ። ቡርጊኛ በጥቃቅን ልዩነት አዲስ ስም በማውጣት የታወቀ ነው። ስብስቡ ዛሬ ጄኔቫ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ክረምት ላይ ጌጃ ሰፈር እርጥብ የድንጋይ አጥር ሥር ጎንበስ ብዬ ስፈልግ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። «ቀንድ አውጣ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ያገኘኋትን በእርግጠኝነት ለመሰየም የማመሳክራት ታይፕ ያለችው ባሕር ማዶ ነው። ጥሩ ካታሎግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ስም ከነአጻጻፉ፣ የታተመበት ዓመትና ገጽ፣ ቁመትና ስፋት በሚሊሜትር፣ ፎቶ፣ በተለይም የመለያ ወረቀቱ ጽሑፍ ፊደል በፊደል። የቦታው ስም ተጣሞ ቢጻፍም «ላስተካክለው» ብላችሁ አትንኩት፤ እርማታችሁን ከጎኑ ጻፉ። ዝርያው መጀመሪያ በተሰየመበት መጽሐፍ ላይ የተሰጠውን ልክ ከዛጎሎቹ ጋር እያስተያዩ ደራሲው የለካትን ለይቶ ማግኘት፣ ለእኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ጣፋጩ ነው።

ቦታው ያልተጻፈበት ዛጎል የምታመጡልን ወዳጆች ግን ታሳዝኑናላችሁ። የሚያምረውን ከመፈለግ ይልቅ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። በተቻለ መጠን ሥጋዋንም በአልኮል አስቀምጡ፤ ብዙ ዝርያ በዛጎል ብቻ አይለይም። የኦክ እንጨት መሳቢያና ተራ ካርቶንም ይቅርባችሁ። ከእነሱ የሚወጣው የአሲድ ትነት እርጥበት ሲያገኝ ዛጎሉን በነጭ ዱቄት ያለብሰዋል፤ የተበላውን ገጽታ መልሶ ማምጣት አይቻልም።