የፈንዲሻ ኪሮሽ፤ ፈትቶ መሥራትን የሚያስተምር የእጅ ሙያ

በሀገራችን ከተሞች በብዙ ቤት ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑ ከሚያርፍባቸው ነገሮች አንዱ ዳንቴል ነው። በወንበሩ መደገፊያ፣ በጠረጴዛው፣ በራዲዮኑና በቴሌቪዥኑ ላይ ተነጥፎ ይታያል። እጅግ የተለመደ ነገር ስለ ሆነም፣ የሠራችው እጅ ስንት ጊዜ ፈትታ ስንት ጊዜ እንደ ገና እንደ ጀመረች የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለዚሁ መፍታትና መጀመር ጥቂት ልንናገር እንወዳለን። ኪሮሽ ጀምረው ከሚተዉት ልጆቻችን መካከል ብዙዎቹ የሚተዉት ሥራው ከዓቅማቸው በላይ ሆኖ ሳይሆን፣ የሠሩትን መፍታት እንደ ውርደት ስለሚቈጥሩት ይመስለናልና።

ለምሳሌ የመረጥነው በውጭ አገር ቋንቋም በፈንዲሻ ስም የሚጠራውን የኪሮሽ ዓይነት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በሜዳው ላይ እንደ ፈነዳ በቆሎ ጕብ ጕብ ያሉ ፍሬዎች ይታዩበታል። ሲያዩት ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሠራው ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት በሚማረው ነገር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ጕብታ ያለው ሥራ በታሪክም ስፍራ አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ተመትቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ የኪሮሽ ሥራ ለብዙ ድኾች ቤተ ሰቦች የእንጀራ ምንጭ ሆነ። ክሎንስ በምትባል ከተማ የነበሩት የቄሱ ባለቤት ካሳንድራ ሃንድ፣ በ1847 ዓ.ም. የአካባቢው ሴቶች ይህን ሙያ ተምረው ሥራቸውን እንዲሸጡ አደረጉ። በዚያ አገር ሥራ አበባውና ቅጠሉ ወፍራም ክር በውስጡ እየተደረገለት ከፍ ብሎ እንዲታይ ይደረግ ነበር፤ በከተማይቱ ስም የሚጠራ ትንሽ ድብልብል ቋጠሮም እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዲህ ኪሮሽ የሥራ ፈት ሰው መዝናኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በዚያ ዘመን ቤተ ሰብ ያቆየ ሙያ መሆኑን ያስታውስ።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ጀማሪ የሆነች ልጅ በቀጭኑ የዳንቴል ክርና በቀጭኑ ኪሮሽ እንድትጀምር አንመክርም። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስላሳና ቀለሙ ፈካ ያለ ክር ትያዝ፤ ኪሮሹም 4 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ጥቍር ክር ዓይኑን ስለሚሰውር ለጀማሪ አይስማማም።

አስቀድማ ሁለት ነገር ትማር። አንደኛው ሰንሰለት ነው፤ ይኸውም ክሩን በኪሮሹ እየያዙ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ቁመት ያለው ሥራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓምድ ብለነዋል። ዓምድ ሲሠራ ክሩ በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል፤ ኪሮሹ በዓይኑ ገብቶ ክሩን ስቦ ሲያወጣ ሦስት ቀለበቶች ይሆናሉ፤ እንደ ገና ክር ተይዞ በሁለቱ ውስጥ ያልፋል፤ ዳግመኛም ክር ተይዞ በቀሩት ሁለት ውስጥ ሲያልፍ አንድ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ከውጭ አገር መጽሐፍ የምትሠራ ብትኖር ግን ትጠንቀቅ፤ አሜሪካኖች ደብል ክሮሼ የሚሉትን ይህንኑ ዓምድ እንግሊዞች ትሬብል ይሉታልና፣ መጽሐፉ በየትኛው አገር ቋንቋ እንደ ተጻፈ ሳይለዩ መጀመር ሥራውን ያበላሻል።

ፈንዲሻዋ የምትሠራው እንዲህ ነው። በአንድ ዓይን ውስጥ አምስት ዓምዶች ይሠራሉ። ከዚያ ቀለበቱን ጥቂት ሳብ አድርጎ ኪሮሹን ማውጣት ነው። ኪሮሹን ከፊት ወደ ኋላ በመጀመሪያው ዓምድ ራስ ላይ ማስገባት፣ የተተወውን ቀለበት መያዝና በዚያው ማሳለፍ ይከተላል። አምስቱ ዓምዶች ያን ጊዜ ታጥፈው ወደ ፊት ብቅ ይላሉ። በአንድ ሰንሰለት ጠበቅ ተደርጋ ስትዘጋ ፈንዲሻዋ ተፈጸመች ማለት ነው።

ለመለማመጃ 19 ሰንሰለት ይሠራ። ከኪሮሹ ጀምሮ ሲቈጠር በአራተኛው ሰንሰለት ላይ የመጀመሪያው ዓምድ ይሠራል፤ የታለፉት ሦስቱ እንደ አንድ ዓምድ ስለሚቈጠሩ፣ እስከ ዳር ሲደርስ 17 ዓምዶች ይሆናሉ። ማንኛውም ቀጣይ ረድፍ በሦስት ሰንሰለት ይጀመራል፤ እርሱም አንደኛው ዓምድ ነው። በሁለተኛው ረድፍ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ዓይን ላይ ፈንዲሻ፣ በሌሎቹ ላይ ዓምድ ይሠራል። ሦስተኛው ረድፍ ሁሉም ዓምድ ነው። በአራተኛው ረድፍ ፈንዲሻዎቹ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ11ኛውና በ15ኛው ላይ ይሆናሉ። ስለዚህ የላይኞቹ ከታችኞቹ መካከል እየገቡ ያማረ መልክ ይሰጣሉ።

ጀማሪን የሚያሰናክሉ ነገሮች በተለይ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቍጥር ነው። የፈንዲሻዋ ራስና መዝጊያዋ ሰንሰለት ሁለት ዓይን ይመስላሉና፣ በሁለቱም ላይ ዓምድ የሠራች ልጅ ሥራዋ እየሰፋ ይሄድባታል። ለአንድ ፈንዲሻ አንድ ዓምድ ብቻ በመዝጊያዋ ላይ ይሠራ፤ በረድፉ መጨረሻም 17 መሆኑ ይቈጠር። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ኪሮሹ ከኋላ ወደ ፊት ከገባ ፈንዲሻዋ ፊቷን አዙራ በጀርባ በኩል ትወጣለች።

እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገኝ መፍትሔው መፍታት ነው። በሁለት መርፌ የሚሠራው ሹራብ ብዙ ዓይኖችን በአንድነት ስለሚይዝ አንዱ ቢያመልጥ እስከ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን ክፍት ሆኖ የሚቈየው አንድ ቀለበት ብቻ ስለ ሆነ፣ ክሩን ቀስ ብሎ ስቦ እስከ ተሳሳቱበት ስፍራ መመለስ ይቻላል፤ ያው ክርም እንደ ገና ይሠራበታል። ጠፍቶ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን እጅን ስላሠለጠነ ከንቱ አልሆነም።

የተወደዳችሁ እናቶች ሆይ፤ እዚህ ላይ የእናንተ ድርሻ ታላቅ ነው። ልጅቱ ጠማማ ረድፍ ይዛ ስትመጣ ሥራውን ከእጇ ነጥቃችሁ አታስተካክሉላት፤ በእኅቶቿም ፊት አትዝለፏት። ረድፉን አብራችሁ ቍጠሩና ስሕተቱን ራሷ እንድታገኘው ተዉአት። ራሷ አግኝታ ራሷ የፈታችውን ስሕተት ሁለተኛ አትደግመውም። ወንድ ልጅም ቢጠይቅ አትከልክሉት፤ የሽመና ሙያ በወንዶች እጅ በኖረበት አገር ክር መያዝ ነውር አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ ለትራስ ልብስና ለአልጋ ልብስ ይስማማል። ስኒ ለሚቀመጥበት ስፍራ ግን አይሆንም፤ ጕብታው ስኒውን ያዘነብለዋል። ሲታጠብ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ፈንዲሻውንም የሚደፈጥጥ ካውያ ከላይ አይጫንበት። ደግሞም አምስት ዓምድ በአንድ ዓይን የሚበላ ስለ ሆነ ክሩ ከተራው ሥራ ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ ለገበያ የምትሠራ እኅት የክሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠችበትን ሰዓት ቈጥራ ዋጋዋን ትናገር፤ ገዢውም የእጅን ድካም አያቃልል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ዛሬ በአራት ረድፍ የተጀመረው ነገ የአልጋ ልብስ ይሆናል። ከአልጋ ልብሱ ይልቅ ግን ለልጅቱ የሚቀርላት፣ የተሳሳቱትን ያለ ኀፍረት ፈትቶ እንደ ገና የመጀመር ልማድ ነው፤ እርሱም ከክርና ከኪሮሽ ውጭ ባለው ኑሮ ሁሉ ያገለግላታል።