ሳይታወጅ የሚያልፍ ስም

በ1993 እ.ኤ.አ. ከኤክሴል 5 ጋር የመጣው ቪቢኤ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬም የብዙ ሒሳብ ክፍሎችን ተደጋጋሚ ሥራ ያቃልላል። በእሱ የሚጻፉት ማክሮዎች የሚያሰሉባቸውን ዋጋዎች በስም ይይዛሉ፤ ዋጋው እየተቀያየረ የሚሄድ ከሆነ ቫሪያብል፣ አንዴ ተሰጥቶ የማይነካ ከሆነ ኮንስታንት ይባላል። ቫሪያብልን በ«ዲም»፣ ኮንስታንትን በ«ኮንስት» ትእዛዝ ያውጇቸዋል፤ ባለሙያዎቹ ዲክሌር ማድረግ የሚሉት ይህንን ነው። ቪቢኤ ግን ቫሪያብል የግድ ይታወጅ አይልም። የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው እዚያው አዲስ ቫሪያብል ፈጥሮ ይቀጥላል። ለጀማሪ ምቹ ነው፤ በሰው ገንዘብ ላይ ለሚሠራ ግን ከቋንቋው ባሕርያት ሁሉ አደገኛው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ የተፈጠረ ቫሪያብል ባዶ ነው፤ ስሌት ውስጥ ሲገባም እንደ ዜሮ ይቆጠራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያን የያዘው ስም አንድ መስመር ላይ አንድ ፊደል ቢጎድለው ማክሮው ዜሮ ደምሮ ያልፋል። የስህተት መልእክት አይመጣም፣ ሠንጠረዡም ሞልቶ ይወጣል፤ ሠራተኛው ግን ክፍያውን አያገኝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የኮድ መጻፊያው መስኮት የግዕዝ ፊደልን በአግባቡ ስለማይቀበል አማርኛ ስም የሚሰጥ ሰው በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዳል፤ «ደመወዝ»ን በላቲን ለመጻፍ ደግሞ ሁሉም የተስማማበት አንድ መንገድ የለም። ሁለት ሰዎች በየተራ የሚያርሙት ማክሮ ውስጥ አንድ ስም በሁለት አጻጻፍ መግባቱ የማይቀር ነው። ኮዱ በሚጻፍበት ገጽ፣ ማለትም በሞጁሉ፣ አናት ላይ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» የሚል መስመር ካለ ግን ቪቢኤ ያልታወጀውን ስም አመልክቶ ያንን ክፍል ሳያስኬድ ይቆማል። በምርጫዎች መስኮት «ሪኳየር ቫሪያብል ዲክላሬሽን» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው መስመሩን በየአዲሱ ሞጁል በራሱ ገብቶ ያገኘዋል፤ ቀድሞ የተጻፉት ላይ ግን በእጅ መጨመር አለበት።

ቫሪያብል ሲታወጅ የሚይዘው ዋጋ ዓይነትም አብሮ ሊወሰን ይችላል፤ በዚህ ላይ «ሴል ውስጥ ቁጥር ይኑር ጽሑፍ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዓይነቱን ለምን እንወስናለን?» የሚል ተቃውሞ አለ። ክብደት ያለው ነው። ዓይነቱ ያልተገለጸ ቫሪያብል «ቫሪያንት» ሆኖ ማንኛውንም ዋጋ ይቀበላል፤ እንዲያውም በተሳሳተ ዓይነት ከማወጅ እሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ። የረድፍ መቁጠሪያውን «ኢንቲጀር» ብሎ ያወጀ ሰው 32,767 ላይ ይቆማል፤ ከኤክሴል 2007 ወዲህ ግን አንድ ሉህ 1,048,576 ረድፎች አሉት። መልሱ ማወጅን መተው ሳይሆን ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር በሚይዘው «ሎንግ» ማወጅ ነው። ከሴል የሚነበበውንም ቫሪያንት ብሎ ማወጅ ይቻላል፤ ያኔ ልቅነቱ ታስቦበት የተፈቀደ ይሆናል። ለብርና ሳንቲም ደግሞ «ከረንሲ» አለ፤ እስከ አራት የአስርዮሽ ቦታ በትክክል ይይዛል፣ «ደብል» ግን 0.1ን እንኳ በትክክል መያዝ አይችልም። አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ ይጠቀስ፦ ሦስት ስሞችን በአንድ «ዲም» ደርድሮ መጨረሻ ላይ ብቻ «ከረንሲ» የሚል ሰው ሦስቱንም የወሰነ ይመስለዋል፤ የተወሰነው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ ሁለቱ ቫሪያንት ሆነው ይቀራሉ።

ኮንስታንትን በተመለከተ የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ በከፊል እጋራለሁ። የጡረታ መዋጮን መጠን ኮንስታንት አድርገው ኮድ ውስጥ የሚቀብሩ አሉ፤ ይህ አይመረጥም። የግል ድርጅት ሠራተኞች መዋጮ ሲጀመር ከዛሬው የሠራተኛው 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ ያነሰ ነበር። ሕግ የሚለውጠው ቁጥር የሒሳብ ሠራተኛው አይቶ ሊያርመው በሚችል ሴል ውስጥ ይቀመጥ። ኮንስታንት የሚገባው ማክሮው ራሱ ለቆመበት ነገር ነው፤ ለምሳሌ የተጣራ ደመወዝ የሚጻፍበት ዓምድ ቁጥር። ኮድ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝ 7 ሰባተኛው ዓምድ ይሁን 7 በመቶው ለቀጣዩ አንባቢ አይለይለትም። በስም የታወጀ ከሆነ ግን ዓምዱ ቦታ ሲቀይር የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሌላ መስመር በስህተት ሊለውጠው ቢሞክርም ቪቢኤ ገና ከማስኬዱ በፊት ይከለክላል።