ተረትና እውነታ፦ አብሲት ሲጣል ሙቀቱ የት ይገባል?

«90 ዲግሪ አብሲት 16 ዲግሪ ሊጥ ላይ ቢጣል አማካዩ 53 ይሆንና እርሾውን ይጨርሰዋል» የሚል ስጋት አለ። ስሌቱ ስህተት ነው። አማካይ የሚሠራው ክብደታቸው እኩል ሲሆን ነው፤ አብሲት ደግሞ ሁልጊዜ ከሊጡ ያነሰ ነው።

ደባርቅ ላይ፣ በብርዳማ ጠዋት፣ ቡሃቃው ውስጥ 10 ኪሎ ሊጥ አለ እንበል፤ አብሲቱ 2 ኪሎ ነው። ኃይል አይጠፋም፤ አብሲቱ የለቀቀውን ሙቀት ሊጡ ይቀበለዋል። ሁለቱም በአብዛኛው ውሃ ስለሆኑ በኪሎ የሚይዙት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። 2 በ90 ሲባዛ 180፣ 10 በ16 ሲባዛ 160 ነው፤ ድምሩ 340 ለ12 ኪሎ ሲካፈል 28 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቡሃቃውም ድርሻውን ስለሚወስድ ትንሽ ይወርዳል። 28 ዲግሪ እርሾን ያነቃዋል እንጂ አይገድለውም።

ስጋቱ ግን ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ስሌቱ የሚነግረን ከተማሰለ በኋላ ያለውን ነው። ትኩሱ ያረፈበት ቦታ ለጊዜው 90 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ያለው እርሾ ይሞታል። አብሲቱን ለብ አድርገው፣ እያማሰሉ የሚጨምሩ ባለሙያ ሴቶች ትክክል ናቸው።

«የፈላ ውሃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው» የሚለው ለምጽዋ ይሠራል፤ ለጎንደር አይሠራም። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ጎንደር ላይ 93፣ ደባርቅ ላይ 91፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ 85 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ለአብሲት ይህ ይበቃል፤ የጤፍ ስታርች የሚወፍረው ከዚያ በታች ነው። ባቄላና ሽምብራ ግን በደጋው ለመብሰል የሚያስቸግሩት በዚህ ምክንያት ነው። የመጠጥ ውሃም ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ለ3 ደቂቃ ያህል እንዲፈላ ይመከራል።

ማገዶ ላይ የሚያስከፍለው ተረት ግን ሦስተኛው ነው፦ «እሳቱ ሲበረታ የፈላው ውሃ ይበልጥ ይሞቃል»። አይሞቅም። ክፍት ድስት መንተክተክ ከጀመረ በኋላ የተጨመረ እንጨት ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ደባርቅ ላይ አንድ ሊትር ውሃን ከ16 ወደ 91 ዲግሪ ለማድረስ 314 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ሊትር ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን 2,280 ያስፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ክዳን ሲነሳ እጅ ላይ ያረፈ እንፋሎት ከፈላው ውሃ የባሰ የሚያቃጥለው፣ ወደ ውሃ ሲመለስ ይህንኑ ሙቀት ቆዳ ላይ ስለሚያራግፍ ነው።