ጫጩቶችን ከፈንግል መጠበቅ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደ ተያያዙ አስተውሉ።

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በግቢ ጥግ በቆርቆሮና በሽቦ ተከልሎ የሚታየው የዶሮ ቤት ለባለቤቱ ቀላል ሀብት አይደለም። ዕንቁላሉ ለልጆች ምግብ ይሆናል፤ የተረፈው ይሸጣል፤ አውራው ለበዓል ይታረዳል። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም በከተማ ዶሮ ማርባት ይበልጥ ተበረታቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ተስፋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ቆጥ አድርጎ የሚያስቀር በሽታ አለ። እርሱም ፈንግል ነው።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ በሽታ ነው። በውጭ አገር ኒውካስል ይባላል፤ ይህም ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በዚሁ ስም በምትጠራው ከተማ አካባቢ በመታየቱ ነው። በበሽታው የተያዘች ዶሮ ትደበታለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል። አንዳንድ ጊዜም አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ክንፏና እግሯ አልታዘዝ ይላታል። ቫይረሱ በትንፋሽ፣ በኩስ፣ በመኖ ዕቃና በሰው ጫማ ሳይቀር ይተላለፋል። ስለዚህ ለበዓል ከገጠር ተጭነው የሚመጡ ዶሮዎች በገበያ ሲቀላቀሉ በሽታውም ከመንደር ወደ መንደር ይዛመታል።

ፈንግልን ከወፍ ጉንፋን ጋር ማደባለቅ አይገባም። ምልክታቸው ቢመሳሰልም ቫይረሶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ለፈንግል የሚሰጠው የተለመደ ክትባትም የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም። በፈረንሳይ አገር ለዳክዬዎች የወፍ ጉንፋን ክትባት በዘመቻ መስጠት የተጀመረው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው መርፌ የሚወጋው ጫጩቱ ገና የዐሥር ቀን ዕድሜ ሳለ ነው። በሽታዎቹ ቢለያዩም ሕጉ አንድ ነው፦ መከተብ በሽታው ከመድረሱ በፊት ነው።

ለምን? ፈንግልን የሚፈውስ መድኃኒት የለምና ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። የጫጩቷ ሰውነት ከዚህ ደካማ ጠላት ጋር ታግሎ የመከላከል ኃይል ያበጃል፤ ኃይለኛው ቫይረስ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ይህ ኃይል እስኪጎለብት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። በሽታው ከገባ በኋላ የሚሰጥ ክትባት አስቀድሞ የተያዘችውን ዶሮ አያድናትም።

ክትባቱ በአገራችን ይሠራል። በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለፈንግል የሚሆኑ ክትባቶችን ያመርታል። አሰጣጡ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የተባለው ክትባት ለእያንዳንዳቸው በዓይናቸው አንድ ጠብታ ይጨመራል። ጫጩቷ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ድረስ መያዝ አለባት፤ አለዚያ ጠብታው ይፈስሳል።

ቀጥሎ፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲሞላቸው ላሶታ የተባለው ክትባት በሚጠጡት ውሃ ይሰጣቸዋል። ሁለተኛው ክትባት ትርፍ አይደለም። ከተከተበች እናት የተፈለፈለች ጫጩት ከእናቷ የወረሰችው የመከላከል ኃይል የመጀመሪያውን ክትባት በከፊል ያከሽፈዋል፤ የወረሰችውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያልቃል። ስለዚህ የጎደለው በሁለተኛው መሞላት አለበት። ከዚያም በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ክትባቱ ይደገማል።

በውሃ የሚሰጠው ክትባት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዚሁ ነው። መጠጫው በበረኪና ወይም በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ፣ ሕያው የሆነው ክትባት ዶሮዎቹ ሳይጠጡት ይሞታል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም እንዲሁ ይገድለዋል። ይህን ለመከላከል በአንድ ሊትር ውሃ 2.5 ግራም ያህል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት አስቀድሞ ይበጠበጣል። ዶሮዎቹ እንዲጠሙ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውሃ ይከለከላሉ፤ ክትባቱ የገባበትንም ውሃ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። ሥራው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ቢሠራ ይመረጣል።

ሙቀትም ሌላው የክትባት ጠላት ነው። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከመደብር ወደ ቤት ሲወሰድም በረዶ በያዘ ፔርሙዝ እንጂ በኪስ ወይም በዘንቢል መያዝ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሳል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ መጠን ይይዛል፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለነገ አይቀመጥም። ስምንት ወይም ዐሥር ጫጩት ያላት እናት ለብቻዋ ብትገዛ ወጪው ይከብዳታል፤ ብትተወው ደግሞ ጫጩቶቿን ታጣለች። መፍትሔው ጉርብትና ነው። የአንድ መንደር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ቀን ቆርጠው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርተው በአንድ ማለዳ ቢያስከትቡ ወጪው ይቃለላል። ጥቅሙም የጋራ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ ጤነኛ ስትሆን የራስም ትጠበቃለችና።

ክትባት ብቻውን ግን አይበቃም። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተች ዶሮ በቦይ ወይም በወንዝ አትጣል፤ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር። የታመመችውንም ለሌላ ሰው መሸጥ የራስን ጉዳት ለወገን ማካፈል ነው። አስቀድሞ መጠንቀቅ በኋላ ከመማቀቅ ያድናል።

መልመጃ

1. በሽታው ከገባ በኋላ የሚሰጥ ክትባት የታመመችውን ዶሮ የማያድናት ለምንድን ነው?
2. ጫጩቶች ሁለተኛ ክትባት የሚያስፈልጋቸው ለምን እንደ ሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
3. «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «አለዚያ» የሚሉትን ቃላት ከምንባቡ አውጥታችሁ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
4. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ መርጣችሁ አሠራሩን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።