ከሥጋው በፊት ውፍረቱ፦ የናይጄሪያ ወጥ ትውውቅ

የናይጄሪያን ወጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሥጋው ላይ ነው። የበሬ ሥጋ፣ ጨጓራ፣ ፖንሞ የሚሉት ጸጉሩ ተለብልቦ የተቀቀለ የከብት ቆዳ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ አንዳንዴም ከኖርዌይ የመጣ ድርቆሽ ዓሣ በአንድ ድስት ተደባልቀው ሲታዩ የወጡ ባለቤት ሥጋው ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁንና ይኸው ድብልቅ ኤጉሲ በተባለው ዘር በሚወፍረው ወጥ ውስጥም አለ፤ ኦግቦኖ በተባለው ሌላ ዘር በሚሠራውም በመራራ ቅጠሉም ውስጥ አለ። የበሬውን ሥጋ አውጥተው ፍየል ወይም ዶሮ ቢያስገቡበት ኤጉሲ ኤጉሲነቱን አይለቅም። ኤጉሲውን አውጥተው ጎደሬ ቢያስገቡበት ግን ሌላ ወጥ ሆኗል። ስለዚህ ይህን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሊሠራ የሚነሣ ሰው ስለ ሥጋው ከመጠየቁ በፊት መረቁን የሚያወፍረው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከ250 በላይ ብሔረሰቦች ባሉበት አገር ወጡ ሁሉ አንድ ነው ማለት ሞኝነት ነው። የየአካባቢው ምጣድና ድስት የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ምክንያቱን ከወጡ ይልቅ አብሮት በሚበላው ነገር እናገኘዋለን። ናይጄሪያ በካሳቫም በያምም ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። ያም በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር ነው። ከካሳቫ ጋሪ ይወጣል፤ ጋሪው በፈላ ውሃ ሲታሽ ኤባ ይሆናል። ያሙ ተቀቅሎ በሙቀጫ ሲወቀጥ ኢያን፣ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ሲገነፋ ደግሞ ጠቆር ያለው አማላ ነው። በሰሜን ሐውሳዎቹ ከሩዝ ወይም ከእህል ዱቄት ቱዎ ይሠራሉ። ሁሉም ለእኛ ገንፎ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን መሐላቸው ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ አይፈስበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨው እንኳ የላቸውም። ተመጋቢው በቀኝ እጁ ቆርሶ ያድበለብላል፣ በአውራ ጣቱ ጎድጎድ አድርጎ ወጡን ይዝቅበታል፣ በልማዱም ሳያላምጥ ይውጠዋል። እንጀራ ዓይን ስላለው ቀጭን መረቅም ይመጥጣል። የተወቀጠ ያም ግን ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ቀጭን ወጥ ተንሸራቶ ወደ ሳህኑ ይመለስበታል። ጣዕም የሌለው ጉርሻ ጣዕም የሚያገኘው ወጡ ሲጣበቅበት ነው፤ ሳይታኘክ እንዲወርድም ማለስለሻ ይሻል። እንግዲህ ውፍረቱ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ ያለ እርሱ ማዕዱ አይበላም።

ኤጉሲን እንመልከት። የሐብሐብ ዘመድ የሆነ ተክል ዘር ነው፤ የፍሬው ሥጋ መራራ ስለሆነ ለምግብ የሚፈለገው ዘሩ ብቻ ነው። ተፈልፍሎ ሲፈጭ ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ዘይት፣ ሩብ ገደማ ፕሮቲን ነው፤ ባህርዩም ከዚህ ይመጣል። ሽሮ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ኤጉሲ ግን እንደ እንቁላል በሙቀት ይረጋል። ስለዚህም ሽሮን ያለ ማቋረጥ የሚያማስል እጅ እዚህ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሶ፣ ሽንኩርት በገባበት በጋለ ቀይ የዘንባባ ዘይት ውስጥ ፍርፍር እስኪል መጥበስና መረቁን ከዚያ በኋላ መጨመር ነው። ሌላው ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠሩ በሚፈላ የበርበሬ መረቅ ላይ ጣል ጣል ማድረግ፣ ድስቱን ከድኖ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይነኩ መተውና ከረጋ በኋላ ብቻ ቀስ ብሎ መበተን ነው። የመጀመሪያው ፍርፍርና የተቆላ መዓዛ ያለው ወጥ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለስላሳ ነው። በሁለቱም የመብሰሉ ምልክት ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ቅጠሉ፣ በተለይ ኡጉ የሚባለው የዱባ ዘመድ ቅጠል፣ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ አረንጓዴነቱም ጠረኑም ይጠፋል። ጀማሪ የሚሳሳተው መረቁን አብዝቶ ቀጠነ ሲል ዱቄት በመደረብ ነው፤ ያ ዱቄት ሳይበስል ጥሬ ጥሬ እያለ ይቀራል። መረቁ ካነሰ ውሃ መጨመር ይቻላል፤ የበዛውን ግን በዱቄት መመለስ አይሆንም።

ሁለተኛው ወገን የሚዝለገለገው ነው፤ ያልለመደ ሰው የሚሸሸውም ይህንን ነው። ኦግቦኖ የዱር ማንጎ የሚሉት የአፍሪካ ደን ዛፍ ዘር ነው፤ ከምናውቀው ማንጎ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ዱቄቱ በለስላሳ እሳት ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይሟሟል፤ መረቁ ጥቂት በጥቂት ሲጨመርበት ከማንኪያው ላይ ክር እየጎተተ የሚወርድ ወጥ ይሆናል። በፈላ መረቅ ላይ በቀጥታ ቢበትኑት ይጓጉላል። ባሚያ በደቃቁ ተከትፎ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበስላል፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከነካው ዝልግልግታው ይቀንሳል። ዮሩባዎቹ ደግሞ ኤዌዱን፣ ማለትም ዓረቦች ሙሉኪያ የሚሉትን ቅጠል፣ ካዑን ከሚባል ጨው ቁንጥር ጋር ቀቅለው ኢጃቤ በተባለች ትንሽ መጥረጊያ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ይመቱታል። «ዝልግልግ ነገር እንዴት ይበላል?» የሚለው ተቃውሞ ከአፍ ልማድ የመጣ እንጂ ከምግቡ ጉድለት የመጣ አይደለም። በጾም ቀን ተልባ በጥብጦ የሚያቀርብ ሕዝብ ይህን ጥያቄ ለማንሣት ብዙም መብት ያለው አይመስለኝም። ባሚያም ቢሆን በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዘወትር ምግብ ነው። የናይጄሪያው ኦግቦኖ የሚለየው ዝልግልግታው ሥራ ስላለው ነው፤ ሳይታኘክ የሚወርደውን ጉርሻ ጉሮሮ ላይ መንገድ የሚጠርግለት እርሱ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የሚያስገርመው ግን በኢግቦዎቹ አገር፣ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኦፌ ኦኑግቡ የሚባለው የመራራ ቅጠል ወጥ ነው። ቅጠሉ የእኛው ግራዋ ነው፤ ያው ጠላና ጠጅ ሊጠነሰስ ሲል እንስራና ጋን የምናጥብበት፣ ለሆድ ሕመምም የምንጨምቀው። እዚያ ግን ይበላል። ምሬቱ የሚወጣው በጉልበት ነው፦ ቅጠሉ በውሃ ውስጥ እየታሸ፣ አረፋው እየተደፋ፣ ውሃው እየተለወጠ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ብዙዎች ከዚያም በኋላ ይቀቅሉታል። ምሬቱን ጨርሶ ማጥፋት ግን የባለሙያ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም፤ ጥቂት ምሬት ምላስ ጫፍ ላይ መቅረት አለበት። ወጡን የሚያቆመው ደግሞ ጎደሬ ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጥና በሙቀጫ ተወቅጦ ይለሰልሳል፤ ሥጋና ደረቅ ዓሣ በበሰለበት፣ ቀይ ዘይት በገባበት መረቅ ውስጥ ድብልብል እየተደረገ ይጣላል። ድብልብሎቹ ሟሟተው ሲጠፉ ወጡ ደርሷል፤ ሰዓት ማየት አያስፈልግም። ከዚያ ኦጊሪ የተባለው የፈላ የቅባት እህል ቅመምና የታጠበው ቅጠል ይገባሉ። ጎደሬው ሲቀዘቅዝ እየጠነከረ ስለሚሄድ እሳት ላይ ሳለ ትንሽ ቀጠን ብሎ መውጣት አለበት። ግራዋውም ጎደሬውም በኢትዮጵያ ምድር ይበቅላሉ። ሁለቱ እኛ ዘንድ በአንድ ድስት አለመገናኘታቸው የአፈር ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እኛ ጎደሬውን ቀቅለን እንዲሁ እንበላለን፤ እንጀራ የለመደ ማዕድ ይህን ዓይነት ማወፈሪያ አልቸገረውም።

አሁን ከባድ የሚመስለው ተቃውሞ ይመጣል። ማወፈሪያ ጨርሶ የማይገባባቸው የናይጄሪያ ወጦችስ? የካላባር ኤፊኮች የሚኮሩበት ኤዲካንግ ኢኮንግ ዱቄትም ሥራሥርም የለውም። በእርግጥም የለውም፤ ነገር ግን ውሃም አይጨመርበትም። ውሃ ቅጠል የሚሉት ተክል በገዛ ውሃው ይበስላል፤ ኡጉው ከላይ ይደረብበታል፤ ቅጠሉ ራሱ ብዛቱ ወጡን ያቆመዋል። የኡርሆቦዎቹ ባንጋም የዘንባባ ፍሬ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ የተጠለለ ጭማቂ ነው፤ እስኪወፍር እሳት ላይ ይቆያል። በሰሜን ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ማወፈሪያ ነው፦ የደረቀ የባኦባብ ቅጠል ዱቄት መረቁ ላይ ተነስንሶ ሚያን ኩካ ይሆንና ከቱዎ ጋር ይቀርባል። ከሕጉ የሚያፈነግጡት ሁለቱ ክርክሩን ይበልጥ ያጠብቁታል። ፔፐር ሱፕ የሚባለው የሚያቃጥል መረቅ ቀጭን ነው፤ እርሱ ግን በአብዛኛው ብቻውን የሚጠጣ ነው እንጂ ከኢያን ጋር ሊዛቅ የተሠራ አይደለም። ቀዩ የቲማቲምና የቃሪያ ወጥ ከሩዝ ጋር ይበላል፤ ሩዝ ደግሞ ይመጥጣል። እዚያም ቢሆን ቀጭን ወጥ ነውር ነው፦ ቲማቲሙ፣ ታታሼ የሚሉት ቀይ ቃሪያ፣ የሚያቃጥለው አታ ሮዶና ሽንኩርቱ ተፈጭተው ውሃቸው እስኪደርቅ ይፈላሉ፤ ቀጥሎ በዘይት ሲጠበሱ ኮምጣጣነታቸው ይለቃል። እኛ ቁሌት ላይ የምናጠፋውን ትዕግሥት እነርሱ እዚህ ላይ ያጠፉታል። ይህን እርምጃ ያሳጠረ ሰው ሌላው ሁሉ ቢሟላለትም ጥሬ የቲማቲም ሽታ ያለው ወጥ ይበላል።

ሌላው ተቃውሞ «የወጥ ነፍሱ ጣዕሙ ነው፤ ስለ ውፍረት ይህን ያህል ማውራት ቅርጹን ይዞ ይዘቱን መጣል ነው» የሚል ነው። ጣዕሙን የሚንቅ የለም። ከአንበጣ ባቄላ ዛፍ ዘር ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ፣ ተፈልፍሎና ለቀናት ፈልቶ የሚወጣው ኢሩ፣ ሐውሳዎቹ ዳዳዋ የሚሉት፣ ሽታው ቤት የሚሞላ፣ ጣዕሙ ግን ሥጋ ያልገባበትን ድስት ሥጋ የገባበት የሚያስመስል ነው። የተፈጨ ደረቅ ሽሪምፕም አለ። የኖርዌዩ ድርቆሽ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 በተካሄደው የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ዕርዳታ ሆኖ በብዛት ገባ፤ ጦርነቱ አልቆም ከድስቱ አልወጣም። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ከወጥ ወደ ወጥ የሚዘዋወሩ ናቸው። ኢሩ ኤጉሲም ውስጥ፣ ባሚያም ውስጥ፣ ቅጠል ወጥም ውስጥ ይገባል፤ ሲገባም ወጡን ያጣፍጠዋል እንጂ ስሙን አይቀይረውም። በነገራችን ላይ ዛሬ በብዙ ቤት የኢሩን ቦታ ማጊ የሚባለው የሾርባ ኩብ ይዞታል። ኩቡ ይቀልላል፤ ግን ከጣዕሙ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። ኢሩ ያገኘ ሰው ኩቡን ቢተወው የሚጎድልበት የለም።

ስለ ዘይቱም ሳይነገር አይታለፍም። የሀገራችን ሸማች «የሚረጋ ዘይት» እያለ የሚያማርረው የተጣራው ፓልም ነው። የናይጄሪያው ያልተጣራ ነው፤ ቀይ ሆኖ የሚታየው ካሮቲን ስላለው ነው፤ የራሱ ጠረንም አለው። ይህ ማለት ግን ከሕክምና ወቀሳ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነውና ልብን የሚጠብቅ ሰው ሊቆጥበው ይገባል። መቆጠብ የሚቻለውም ወጡ በምን እንደቆመ ከታወቀ ነው። ኤጉሲ የራሱ ዘይት ስላለው፣ የመራራ ቅጠሉን ወጥም ጎደሬው ስለያዘው ከሁለቱ ላይ ዘይት ቢቀነስ ወጡ አይፈርስም። ከኤዲካንግ ኢኮንግ ላይ ግን ብዙ ከተቀነሰ የሚቀረው የተቀቀለ ጎመን ነው። ቀዩ ቀለም እስኪጠፋ ዘይቱን ማጨስ ደግሞ ካሮቲኑን አቃጥሎ ስቡን ማስቀረት ነው፤ ምንም ትርፍ የለውም።

ግብዓቱ አይገኝም የሚለው ስጋት ግማሹ እውነት ነው። ለኡጉ በስፒናች ወይም በቆስጣ፣ ለኤጉሲ በተፈለፈለ የዱባ ፍሬ መተካት ይቻላል፤ በውጭ የሚኖሩ ናይጄሪያውያንም ይህንን ያደርጋሉ። ለአታ ሮዶ ጠንካራ ቃሪያ ይበቃል። ኦግቦኖ ግን ምትክ የለውም፤ ያላገኘ ሰው ባሚያ ቢሠራ ይሻለዋል። በለንደን፣ በሂዩስተን ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንባቢ በአፍሪካውያን ሱቆች ሁሉንም ያገኛል። አዲስ አበባ ላለው የምመክረው የዱባ ፍሬውን በኤጉሲው ሥርዓት እንዲሞክር ነው፤ በትንሽ መረቅ ይጀምር፣ እስኪረጋ ድረስም አይንካው። ኤጉሲና ኦግቦኖ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሳይፈጭ ይግዛ፣ ከመክፈሉ በፊት ያሽትት፣ ለአንድ ድስት የሚበቃውን ብቻ ይፍጭ። ሁለቱም ዘይታም ስለሆኑ ከተፈጩ በኋላ ዘይታቸው ቶሎ ይበላሻል፤ የተበላሸ ኦግቦኖን ደግሞ ኢሩም ሥጋም አያድነውም።