የኅብረት ሥራ ሠራተኛ መደራጀት አይችልም ያለው ማነው?

ካዛንቺስ አካባቢ ሒሳብ ልመረምር የገባሁበት አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሰማሁት ነገር አብግኖኛል። ሠራተኞቹ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብለው ቢጠይቁ፣ ከሥራ አመራር ኮሚቴው አንዱ «ኅብረት ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሕግ አይፈቅድም፤ እናንተም አባል ናችሁ፣ በራሳችሁ ላይ ልታድሙ ነው?» አላቸው። ይኸው ወሬ ቂርቆስ ውስጥ በሸማቾች ማኅበራትም ሲዞር ሰምቻለሁ። ውሸት ነው።

1. አባልነትና ቅጥር ለየቅል ናቸው። አባልነቱን የሚገዛው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ነው። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ስንብት ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ጉዳይ ነው። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት አለው፤ ስለዚህ አሠሪ ነው።

2. አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከአሥር በታች ከሆናችሁ ከሌሎች ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መሥርቱ፤ አባላቱ ብቻ ከአሥር አይነሱ።

3. «የሥራ መሪ» የምትባለዋ ዘዴ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሥራ መሪ ከአዋጁ ሽፋን ውጭ መሆኑን የሰማ ሊቀመንበር ለገንዘብ ያዥዋ «ኃላፊ»፣ ለመጋዘን ጠባቂው «አስተባባሪ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ደመወዝ አልተጨመረም፤ ሥልጣንም የለም። ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚያሰናብት ሰው ነው። ያለ ሁለት ፊርማ አንድ ብር ማውጣት የማትችል ገንዘብ ያዥ ማንን ታሰናብታለች? የሚታየው ሥራው ነው እንጂ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ማዕረግ አይደለም። እኛ የሒሳብ ሰዎችም እናሳፍራለን። ሳንቲም ጎደለ ብለን ሠራተኛ እናስጨንቃለን፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከፍሏል ወይ ብለን ግን አንጠይቅም።

ታሪኩንም የሚያውቀው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ተመሠረተ። የአየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራቸውን ያቋቋሙትም በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያኔ ሠራተኛ በአንድ እጁ ይቆጥባል፣ በሌላው ይደራደራል። አንድነት ማኅበሩ በየካቲት 1966 መጨረሻ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ደርግ በ1968 አፍርሶት በ1969 የራሱን መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተከለ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) እንደገና የቆመው ከአዋጅ 42/1985 በኋላ ነው። የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሠራተኛ በዚህ ሁሉ መሀል ባለቤት ነህ እየተባለ ኖረ፤ ወሬው ከያኔ የተረፈ ይመስለኛል።

እንግሊዞችስ? የሮችዴል ኅብረት ሱቅ እ.ኤ.አ. በ1844 ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ የማንቸስተር አካባቢ የኅብረት ሱቅ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 193 መሠረታዊ የሥራ መብቶች ለኅብረት ሥራ ሠራተኞች ያለ ልዩነት እንዲከበሩ ይላል።

የሙያ ማኅበርስ አይበቃም ወይ ለምትሉኝ፦ በአዋጅ 1113/2011 ተመዝግቦ ያሠለጥናል፣ የሙያ ሥነ ምግባር ያወጣል፤ የኅብረት ስምምነት ግን አይፈርምላችሁም። ሁለቱም ይኑራችሁ።

የሠራተኛና የኅብረት ሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶቹንማ ተዉኝ። አንዱ «ኅብረት ሥራን አንመለከትም» ይላል፣ ሌላው «ሠራተኛን አንመለከትም» ይላል። ካዛንቺስ በ2017 ፈርሶ ሰዉ እስከ ገላን ጉራ ሲበተን፣ አባላቱ የራቁበት ማኅበር ሠራተኛ ቢቀንስ ማን ይደራደርለት ነበር?

በማኅበር አባልነት የተነሳ ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው፤ አንቀጽ 26ን አንብቡ። ተባርራችሁ ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጋችሁ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ አቅርቡ። ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል፤ ኮሚቴውም «ቆይ እንነጋገራለን» እያለ የሚያቆያችሁ ለዚሁ ነው።