አሮጌዋን ቮልስዋገን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ መጠገን
(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠ፥ ድምፅዋ ገና ከሩቅ የሚታወቅ አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ስታልፍ ያላየ ሰው አይገኝም። ይህችም ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ቮልስዋገን ናት። በጀርመን አገር በብዛት መሠራት የጀመረችው በ1938 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጨረሻይቱ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ እስከ ወጣችበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዘመዷ ካርማን ጊያ የስፖርት አውቶሞቢል መልክ ይዛ ብትወጣም፥ ሞተሯ ያው የቮልስ ሞተር ስለ ሆነ ከዚህ በታች የምንናገረው ለእርሷም ያገለግላል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤት ካሠሩበት ድርጅት ስም የመጣ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ሠፈሩ ከጥንቱም የደመወዝተኛ ሠፈር ነበረ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከረባቱን ፈትቶ፥ እጅጌውን ሰብስቦ ከቮልሱ ኋላ የሚንበረከክ የመሥሪያ ቤት ሰው በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ ግቢዎች ለዓይን እንግዳ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የአሮጌው ካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት በፈረሰ ጊዜ፥ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሠፈሮች ተዛወሩ። ግቢው ቀረ፤ መኪናዋ ግን ከባለቤቷ ጋር ሄደች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ አሮጌዋን አውጥቶ መጣል ከቀድሞው ይልቅ የማይመከር ሆኗል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ የዚህች መኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ መሆኑ ነው። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌላው መኪና የአባይን በረሃ ሲወጣ ራዲያተሩ እየፈላ መንገድ ዳር ሲቆም፥ ቮልስ የሚፈላ ነገር የላትምና ታልፈዋለች። ይህ እውነት ባለቤቶቿን አኩርቷል፤ ይሁን እንጂ አዘናግቷቸዋልም። ነፋሱን የሚነፋው ማራገቢያ የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረውም አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የሚበራው ቀይ መብራት ባትሪው አለመሞላቱን ብቻ የሚናገር ይመስላል። በእውነቱ የሚናገረው ግን ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ መቅረቱን ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም። አንድ ቀን ከቃሊቲ ወደ ካዛንቺስ ስመለስ ያ መብራት በራ። ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል ብዬ ነዳሁ፤ በእርግጥም አደረሰኝ። በማግሥቱ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ብቻ ይሠራ ነበር። የሞተው ሦስተኛው ነው። ይህም በአጋጣሚ አልነበረም፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ቆሞ ነፋሱን ስለሚከልለው፥ ከአራቱ ይልቅ የሚግለውና ቫልቮላው ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ነው። ስለዚህ መብራቱ እንደ በራ መኪናዋን ያቁሙ፤ አንድ ትርፍ ቺንጋና የሚፈታበትን ቁልፍም ዘወትር ይያዙ። ቺንጋውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ልኩ ነው።

ቫልቮላን ካነሣን ዘንድ፥ በቤት ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ዋጋው የሚበልጠው የቫልቮላዎቹን ክፍተት ማስተካከል ነው። ይህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፥ ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ አብሮ ይሠራል። ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበትና ከዋዜማው አቁመውት ቢያድሩ ይሻላል። በአብዛኞቹ የኋለኛው ዘመን ሞተሮች ላይ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውፍረት መለኪያው ስስ ብረት ይለካል። ብዙ ጀማሪዎች የቫልቮላውን ቅጭልጭልታ ሲሰሙ ይደነግጡና አጥብቀው ያስሩታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቫልቮላው ሙቀቱን የሚያራግፈው በተዘጋ ጊዜ መቀመጫውን በመንካት ነው፤ ከመጠን በላይ የጠበቀው ግን በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን እንደ ተሸከመ ይቃጠላል። የላላው ይጮሃል፤ የጠበቀው ዝም ብሎ ይሞታል። እኔ በበኩሌ ጥቂት የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ሌሎቹ መኪናዎች የሚጣል ፊልትሮ ስለሌላት፥ ከሞተሩ ሥር ያለችውን ወንፊት በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ከታሰረው ክዳን ጋር ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ ያስፈልጋል። ዳዶዎቹን በኃይል አያጥብቁ፤ የሚታሰሩበት ብረት ለስላሳ ስለ ሆነ ጥርሱ ይበላል። አሮጌውን ዘይት ወደ ቦይ መድፋት ነውር ነው።

ካርቡራተሩን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የከተማችን ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር እዚህ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላውን ፈትተው ይመልከቱ፤ ጫፉ ሞቅ ብሎ እንደ ተቆላ ቡና ቢሆን መልካም ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ግን ቤንዚኑ በዝቷልና ዋናውን የቤንዚን መርጫ ቀዳዳው በጠበበ ሌላ መለወጥ ይገባል። ሱማሌ ተራ ቢፈልጉ አያጡትም፤ ሻጩ «አንድ ነው» ቢልዎ ግን ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡ።

አሁን ወደ አደገኛው ጉዳይ እንመጣለን። ቮልስን ከእርጅና ይልቅ የሚያጠፋት እሳት ነው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው የቤንዚን ጎማ ቱቦ በላዩ በጨርቅ የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ ውስጡ ሲሰነጠቅ ከውጭ አይታይም። የሚንጠባጠበው ቤንዚን በጋለው ሞተር ላይ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ አጠገብ ይወድቃል። በየሁለት ዓመቱ ቱቦውን ሁሉ፥ ደኅና ቢመስልም እንኳ፥ ይለውጡ። ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለው ባትሪም ክዳን ይኑረው፤ ከባድ ሰው በተቀመጠ ጊዜ የመቀመጫው ሽቦ ባትሪውን ነክቶ መቀመጫውን ያቃጥላልና። የሞተሩ አካል የተሠራው ማግኒዚየም ካለበት ብረት ነው። ይህ ብረት አንድ ጊዜ ከተያያዘ ውኃ ሲደፉበት ይብስበታል እንጂ አይጠፋም። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ መቀመጫ አጠገብ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ካለፈች ግን ሰዎቹን አርቀው መኪናዋን ይተዉአት።

ፍሬንን በተመለከተ አሳቤ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ይለያል። ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ማቀራረብ በካቻቢቴ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው፤ ይህን ራስዎ ይሥሩ። የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ግን አይሙሉና አይለፉ፤ የሚያፈስበትን ቦታ ባለሙያ ይፈልገው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ በተሠሩት ቮልሶች ላይ የፍሬኑ ዘይት መሥመር አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ በአንዱ እግር ላይ ቢፈስ አራቱም ይከዳሉ። ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይህን ማወቅ አይጠቅምም።

ከመኪናዋ ሥር የሚገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አይመኑ። ክሪክ ጎማ ለመለወጥ እንጂ ሰው ሥር ለመተኛት አልተሠራም። ሸክላ ጡብም አይደርድሩ፤ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ያስገቡ፤ የማይነሡትን ጎማዎች በድንጋይ ይደግፉ፤ አንድ የቤተ ሰብ አባልም በአቅራቢያ ይኑር። በጋራ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ልጆች በዙሪያው እንዳይጫወቱ አስቀድመው ቢናገሩ ይሻላል።

ሥራዎን ከጨረሱ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው አምስት ደቂቃ ያህል ያድምጡት፤ ከዚያም ያጥፉትና ያነበቡትን ጋዜጣ ከሥሩ ዘርግተው ይደሩ። በማለዳ ጠብታው በየትኛው ገጽ ላይ እንደ ወደቀ ይመልከቱ፤ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነውና ክዳኑን መለስ ብለው ያጥብቁ፤ ደርቆ ሽታው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ቤንዚን ነውና ቱቦው ሳይለወጥ ቁልፉን አያዙሩ።